ማትሪክ፦ ከለንደን እስከ ቂሊንጦ

ቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው፣ ከኋላ ወንበር ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ የምትጽፍ ተማሪ ቢያጋጥመው ሊደነቅ አይገባም። ረዳቱ «ቂሊንጦ! ቱሉ ዲምቱ!» እያለ ይጣራል፤ ሳንቲም ይንኳኳል፤ መኪናው በየጉድጓዱ ይዘላል፤ ልጅቷ ግን ቀና አትልም። በእጇ የያዘችው ከፎቶ ኮፒ ብዛት ፊደሉ የደበዘዘ፣ ተማሪዎች «ዎርክሺት» የሚሉት ወረቀት ነው። ጥያቄው የፊዚክስ ነው፦ በተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሳጥን፣ ሰበቃው ይህን ያህል፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል?

ልጅቷ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሳለፉ፣ ሦስቱንም ፈረቃ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ልጃቸው 12ኛ ክፍል ደርሳለች፤ መሐንዲስ መሆን ትፈልጋለች። ለዚህም የምትዘጋጀው ለአንድ ፈተና ሳይሆን ለሁለት ነው። አንደኛው የአገሪቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የሚቀመጥለት ብሔራዊ ፈተና ነው። ሁለተኛው፣ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ቂሊንጦ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከአዳማው አቻው ጋር ሆኖ የሚሰጠው የመግቢያ ፈተና ነው።

«ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ ማትሪክ አንዴ ብቻ ነበር አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አዎ» ብያት አለፍኩ። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ለመሆኑ ይህ ማትሪክ የምንለው ነገር ከየት መጣ? ወደ ምህንድስና በር የሚወስደው መንገድስ እንዴት ዞሮ ዞሮ እኛ ሰፈር ደረሰ? አንዱ ፈተና ሁለት የሆነውስ ለምንድን ነው?

* * *

በቃሉ እንጀምር። «ማትሪክ» የለንደን ቅርስ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ብቃታቸው የሚመሰከርላቸው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ነበር። እንግሊዞች «ማትሪኩሌሽን» ይሉታል፤ የእኛ ተማሪ ከወገቡ ቆረጠና «ማትሪክ» አለው። እስቲ አስቡት! የጎጃም ወይም የሐረር ልጅ ኮተቤ ቁጭ ብሎ፣ አይቶት በማያውቀው አገር ሰው የተጻፈ ጥያቄ እየመለሰ፣ ዕጣው ባሕር ማዶ ሲወሰን።

የኢትዮጵያ የራሷ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ከመጣ በኋላም ስሙ አልለቀቀም። መንግሥት ሲለወጥ፣ ሥርዓተ ትምህርት ሲለወጥ፣ ፈተናው ራሱ ስሙን እየደጋገመ ሲቀይር «ማትሪክ» ከነለንደን ዜግነቱ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። (የ8ኛ ክፍሉንም «ሚኒስትሪ» ነው የምንለው። ሕዝባችን ለፈተና ስም ሲያወጣ ፈታኙን እንጂ የሚፈተነውን ትምህርት አይመለከትም።)

የምህንድስናው በር የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. አምስት ኪሎ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1943 ዓ.ም.፣ በካናዳዊው ካህን በሉሲየን ማት መሪነት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥራ ጀምሮ ነበር። የምህንድስና ኮሌጁ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ልደታ ላይ ከስዊድን ጋር የሕንፃ ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ። ቀዝቃዛው ጦርነት ለእኛ አንድ ደግ ነገር አድርጎልናል ከተባለ፣ ኃያላኑ ትምህርት ቤት በመሥራትም ይፎካከሩ ነበርና ይኸው ነው። አምስት ኪሎና ልደታ በ1960ዎቹ መባቻ ተዋህደው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆኑ።

በዚያ ዘመን የሚቸግረው ወንበር ሳይሆን በወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ነበር። 12ኛ ክፍልን የሚጨርሰው ወጣት እጅግ ጥቂት ስለነበር ኮሌጆቹ ተማሪ ይሻሙ ነበር ማለት ይቻላል። የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ከዚያም የባሰ ብርቅ ነው። ክፍተቱን በብዛት የሞሉት ከሕንድ የመጡ መምህራን ናቸው፤ ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቶቻችን ስለ አልጀብራ ሲያነሱ አንደበታቸው ሳያስቡት የሕንድ ቅላጼ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት ሲደርሱ፣ በአገሪቱ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከዚህ ቁጥር በፊት ምን ያህል ጥቂት መምህር እንደነበረን መገመት ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት ነው። ይህ በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በብልጫ ያለፉ ልጆችን መርጦ ያመጣና 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ያስተምራቸው ነበር። ነገሩን በዛሬ ዓይን ስናየው ያስገርማል። የዩኒቨርሲቲው በር ራሱ ተነስቶ ልጁ ወዳለበት የሄደ ያህል ነው። ለፈተናው ማዘጋጀት የቤተሰብ ጣጣ አልነበረም፤ የፈታኙ ሥራ ነበር። እርግጥ የተመረጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ያልተመረጠው የጠቅላይ ግዛት ልጅ በዚያው ቀርቷል። ይሁን እንጂ «አንተ ብልህ ከሆንክ የቀረውን እኛ እናሟላለን» የሚል ውል ነበረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ የመልቀቂያውን ፈተና የሚያዘጋጀውና የሚያርመው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነበር። ይህ ልማድ በደርግም ዘመን ቀጥሏል። ሰውየው የራሱን በር ቁልፍ ራሱ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና አላስፈለገም፤ ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1967 ዓ.ም. በሩ ለጊዜው ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ካልኩለስ የሚማረው ወጣት መሬት ሲያከፋፍልና ፊደል ሲያስቆጥር ከረመ። ከዚያ በኋላ ስለመጡት ዓመታት ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አልደግመውም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ በደርግ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ቁጥር እያደገ ሲሄድ የዩኒቨርሲቲው ወንበር በዚያው ልክ አለማደጉ ነው። የቀድሞው ችግር ተገለበጠ፤ ወንበር ጠፋ፣ ተቀማጭ በዛ። «ነጥብ መጣለት»፣ «ነጥብ አልመጣላትም» የሚለው አነጋገራችን የዚያ ዘመን ነው። ነጥብ የሚሠሩት ሳይሆን እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ ነገር ይመስላል። ወመዘክር ወንበር ለመያዝ በጠዋት መሰለፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከዛፍ ሥር መቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ፣ ኩራዝ ሲጠፋ በመንገድ መብራት መቸከል የከተማው ልጅ ሁሉ ልማድ ሆነ። ከዚያ ጉባኤ የሚወጣው አንድ «ሰቃይ» ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሲገባ የሰፈሩ እናቶች በሙሉ ያወቁት ነበር።

* * *

አሁን ወደ አቃቂ እንውረድ።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በአቃቂ ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በኋላ በቻይና መሐንዲሶች እንደገና ተነስቷል። ከዚያ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ደግሞ የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ። እኛ በፋብሪካ ፉጨት ነው ያደግነው። ሰዓት ሳይኖረን ሰዓት እናውቅ ነበር፤ ፉጨቱ ሲሰማ የማን እናት እንደምትወጣ፣ የማን አባት እንደሚገባ ይታወቃል።

እንግዲህ የመሐንዲስ ሥራ እንዲህ ዙሪያውን የከበበው ሰፈር በአዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። መሐንዲሱ ግን ከሌላ ቦታ በመኪና መጥቶ በመኪና የሚሄድ ሰው ነበር። የእኛ ወላጆች ማሽኑን ያስነሳሉ፣ ያጸዳሉ፣ በድምፁ ብቻ ሕመሙን ያውቃሉ። ሲሰበር ግን ሥዕሉን ዘርግቶ የሚያነበው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥራ ሁለት የትምህርት ዓመትና አንድ ፈተና ነበር።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። አሮጌው የመልቀቂያ ፈተና ቀስ በቀስ ተሰናብቶ በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ። እሱን ያለፉት 11ኛና 12ኛን «መሰናዶ» በተባለው እርከን ይማሩ ነበር፤ ከዚያ በ1995 ዓ.ም. የጀመረውን የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ይወስዱ ነበር። «መሰናዶ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። መንግሥት በስሙ ብቻ ትልቅ ቃል ገባ፤ የእናንተን ዝግጅት የሚያከናውነው ትምህርት ቤቱ ነው አለ።

እኔ የዚያ መሰናዶ ልጅ ነኝ። 11ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» በየክፍሉ በተሰቀለበት ዓመት ነው። ከሳተላይት የሚተላለፍ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት ነበር፤ ሥዕሉ ያምራል፣ እንግሊዝኛው ይፈስሳል። ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤታችን ሰባ የምንሆን ልጆች አንገታችንን ሰቅለን እናያለን። መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ ጥያቄ ይሰጠንና ትንሽ ጠብቆ «ጨረሳችሁ? ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። የክፍላችን የፊዚክስ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጨዋ ሰው ነበሩ፣ እጃቸውን አጣምረው በር ላይ ይቆማሉ። ከለንደን የሚመጣ ጥያቄ ቀርቶ ከጠፈር የሚመጣ መልስ ተተካ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር፤ መምህራችን ጠመኔ አንስተው የሚያስተምሩት ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ዛሬ ከሒሳብ የማስታውሰው ሁሉ መብራት በጠፋባቸው ቀናት የተማርኩት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ተፈተንኩ። የምህንድስና ነጥብ አልመጣልኝም። (ይኸው፣ እኔም «አልመጣልኝም» አልኩ።) ኋላ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በብዕር መተዳደር ጀመርኩ። ቅሬታ የለኝም፤ ታሪኩን ያነሳሁት «መሰናዶ» የተባለው ቃል በምን ሁኔታ እንደፈረሰ ለማሳየት ነው። መሰናዶው ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ቦታ ቤት የሠራው ያኔ ነው። «ኤክስትሪም» የተባሉት አጋዥ መጻሕፍት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ዎርክሺት፣ በሰዓት የሚከፈልበት «ቲቶሪያል»፤ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የቆዩ ፈተናዎች።

* * *

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰባው በመቶ የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ወሰነ። ወንበሩ እንደገና በዛ። መሐንዲስ መሆን ብርቅነቱ ቀነሰ፤ እንዲያውም ነጥቡ የደረሰ ሁሉ ሳይወድ የሚመደብበት ሆነ። በዚህ ጎርፍ መካከል ነው ሁለት ተቋማት ለብቻቸው ከፍ እንዲሉ የታሰበው። በ2003 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በደንብ ተቋቋመ፤ በ2004 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚሆኑ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ቂሊንጦ ላይ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር ሆነ፤ የተለየ የመግቢያ ፈተናም የዚህ መለያቸው ሆነ።

ቂሊንጦ ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ የሚሄደው ወደ ማረሚያ ቤቱ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው በአንድ አቅጣጫ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ልጁ እንዳይገባበት የሚጸልይበት፣ ሌላው እንዲገባለት የሚሳልበት።

ታዲያ ብሔራዊ ፈተና እያለ ሁለተኛ ፈተና ለምን? የዩኒቨርሲቲዎቹ ሰዎች ምርጥ ተማሪ ለመለየት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። እኔ ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ማየት እፈልጋለሁ። ቀድሞ እንዳልኩት ፈተናውንና በሩን የያዘው አንድ አካል ነበር። ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ በሩን የያዘው፣ ሌላ ሰው የሠራውን ቁልፍ ማመን ነበረበት። እምነቱ ደግሞ ተሸረሸረ። ኩረጃው አገር ያወቀው ነበር። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ገና በመጀመሪያው ቀን በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ተሰረዘ፤ ተማሪው እንደገና ተቀመጠ። ሁለተኛው ፈተና፣ በእኔ ግምት፣ በመጀመሪያው ላይ የተሰጠ የድምፅ መንፈጊያ ነው። እምነት በጎደለ ቁጥር ደግሞ ጉድለቱ የሚሞላው በልጅ እንቅልፍና በእናት ኪስ ነው።

መንግሥት እምነቱን ለመመለስ የወሰደው እርምጃ ብርቱ ነበር። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየሰፈራቸው ተነስተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ ተፈተኑ፤ ኩረጃው ተመታ። ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ሲነገር አገር ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. የተፈተኑት 5.4 በመቶ ደረሱ። ብዙዎች ይህን ፈተናው ጠነከረ ብለው አነበቡት። እኔ የማነብበው በፕላዝማው ዘመን በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ከቆሙት መምህር ጀምሮ ነው። መጋረጃው ተገለጠ እንጂ ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው አዲስ አልነበረም።

አቃቂ ለሕንዶች እንግዳ አይደለችምና ከሕንድ አንድ ከተማ ላንሳ። ኮታ ትባላለች፤ በራጃስታን ግዛት የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ነበረች። የሕንድ የመጀመሪያው «አይ አይ ቲ» በካራግፑር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ከአምስት ኪሎው ኮሌጃችን በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ቪ. ኬ. ባንሳል የተባለ በኮታው ጄ. ኬ. ሲንቴቲክስ ፋብሪካ የሚሠራ መሐንዲስ በጡንቻ መድከም ሕመም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለና፣ ለመግቢያው ፈተና የሚዘጋጁ ጥቂት ልጆችን ቤቱ ውስጥ ማስጠናት ጀመረ። ልጆቹ አለፉ። ወሬው ተዛመተ። ፋብሪካው በ1997 ሲዘጋ ከተማዋ ሌላ ሥራ አግኝታ ነበር፤ ፈተና ማስጠናት። ዛሬ ከመላ ሕንድ እጅግ ብዙ ወጣቶች እዚያ ተከራይተው ይቸክላሉ። ለመግቢያው የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይቀመጣል፤ ያለፈው ለሁለተኛው ይቀርባል። በ2023 ዓመት ብቻ ከ20 በላይ ተማሪዎች ኮታ ውስጥ ሕይወታቸውን አጥፍተዋል።

እኛ ኮታ አልሆንንም። ግን ምልክቱን አያለሁ። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት «የመግቢያ ፈተና ዝግጅት» የሚል ወረቀት በየበሩ ይለጠፋል። የሚያስጠኑት አብዛኞቹ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ትናንት ያለፉበትን በር ዛሬ ለሌላው ያሳያሉ፤ የኪስ ገንዘብም ያገኛሉ። አልፈርድባቸውም። እንዲያውም በእደ ማርያምን ያስታውሱኛል፤ ልዩነቱ የዛሬው በሰዓት መከፈሉ ነው።

የልጅቷ እናት በዚህ ጉዳይ የራሳቸው አቋም አላቸው። ባለፈው የቡና ሰዓት ስኒውን ወደ እኔ እየገፉ፣ «እስቲ አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ ንገረኝ። እዚሁ አጠገባችን የቆመ ትምህርት ቤት ነው። ሲሠራ አቧራውን የዋጥነው እኛ ነን። ለአገሬው ልጅ ትንሽ ቦታ አይተውም?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የአገር ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ከሞያሌም ከጎንደርም የሚመጣው ልጅ እኩል ነው የሚታየው» አልኳቸው።

«እኩል ከሆነማ ጥሩ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ግን ለቅዳሜው ማስጠኛ የምከፍለው እኮ እኩል እንድትሆንልኝ ነው» ብለው ረከቦቱን አነሱ።

ሚኒባሳችን ቂሊንጦ ሲደርስ ግማሹ ሰው ወረደ። ቦርሳ ያዘሉ፣ መታወቂያ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲው አቅጣጫ በቡድን እያወሩ ሄዱ። ልጅቷ በመስኮት አየቻቸው፤ ወዲያው ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። የእሷ መውረጃ ገና ነው። ከዚህ አልፋ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ትሄዳለች።

«ጋሼ» አለችኝ ወረቀቱን ወደ እኔ እያዞረች፣ «ተዳፋቱ ላይ ሰበቃ ባይኖርስ ኖሮ፣ የሳጥኑ ክብደት ለፍጥነቱ ለውጥ ያመጣል?»

መብራት በጠፋበት አንድ ቀን መምህራችን በጠመኔ የሠሩልን ጥያቄ ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኳት፤ እስክሪብቶ ከኪሴ ፈለግኩ።